ማንቲስን ሳሎን አውጥቶ በእጅ ስለመያዝ፦ አጎበር፣ ፍሊትና የደሴ ብርድ

የልጁ_እናት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ አጥር ሥር ያገኛትን አረንጓዴ ማንቲስ፣ ያቺን የፊት እግሮቿን አጥፋ እንደሚጸልይ ሰው የምትቆመዋን፣ በ2 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ አስቀምጧል። የመሐል ጣቴን ታህላለች፤ ክንፍ ገና የላትም። ማታ ማታ ሳሎን አውጥቶ እጁ ላይ ሊያስኬዳት ይፈልጋል። መርዝ አላት? ትነክሳለች? ታናሽ እህቱ 4 ዓመቷ ነው፣ እሷም «እኔም ልያዝ» እያለች ነው። እሱም እሷም ማንቲሷም ሳይጎዱ እንዴት ትያዝ?

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

አብሽሪ እታለም። ማንቲስ መርዝም መንደፊያም የላትም። ያላት የፊት እግሮቿ ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደረ እሾህ ነው፤ ዝንብና ፌንጣ ጨብጣ የምትይዘው በሱ ነው። ጣት ሲወዛወዝ አይታ የሚበላ ከመሰላት፣ ወይም የምትወድቅ ሲመስላት ትጨብጣለች። ትልቅ ሴት ከሆነች የመርፌ ጫፍ ያህል ደም ልታወጣ ትችላለች፤ በሳሙና መታጠብ ይበቃል። መንከስ ብርቅ ነው፣ የሚሆነውም አብዛኛውን ጊዜ እጅ ላይ የምግብ ሽታ ሲኖር ነው።

ትንሿ ልጅ ታይ እንጂ አትያዝ። በ4 ዓመት እጅ አንድ ነገር ሲነካው መጨበጥ ይቀናዋል፤ የማንቲስ ሆድ ደግሞ እንደበሰለ ቲማቲም ነው፣ ትንሽ ሲጫኑት ይፈነዳል።

ለትልቁ ልጅ አያያዙ ይህ ነው። መጀመሪያ መስኮትና በር ይዘጋ፣ ቬንትሌተር ካለ ይጥፋ፣ ድመት ካለች ትውጣ። እጁን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ በደንብ ያለቅልቀው፤ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ የፀጉር ቅቤ፣ ሎሽን፣ ሳኒታይዘር፣ ሽቶ ምንም አይቅር። ወንበር ላይ ሳይሆን ፍራሽ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ ይቀመጥ፤ እጁ ከፍራሹ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ማንቲስ ከሰው ደረት ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ብትወድቅ፣ በተለይ ከጠገበች፣ ሆዷ ይሰነጠቃል። ከዚያ አትተርፍም።

ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከፊቷ ያስቀምጥ፣ ከራሷ ትንሽ ከፍ አድርጎ። ማንቲስ ወደ ላይ መውጣት ነው የሚቀናት። ከኋላ እግሮቿን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በሳር ጫፍ ነካ ቢያደርጋት ራሷ ትወጣለች። ከላይ ወርዶ መያዝ አይሆንም፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ለሷ ወፍ ነው። ስትመለስም በግድ መንቀል የለም፤ የእግሯ ጥፍር ቆዳ ላይ ተጣብቆ ሳለ ከተጎተተች የሚቀረው እግሯ ነው። ጭራሮውን ከእጁ ከፍ አድርጎ ይያዝላት፣ ትሻገራለች።

ጣቱን ከጨበጠችው አይወራጭ፣ አይሳብ። ዝም ብሎ ቢጠብቅ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ትለቃለች፤ ካልለቀቀች አፏ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ይንካላት። የፊት እግሯን ወደ ጎን ዘርግታ አፏን ከፍታ ከተነሳች «ራቅ» ማለቷ ነው፤ ለዚያ ቀን ይበቃል። ወደ ግራ ወደ ቀኝ መወዛወዟ ግን በሽታ አይደለም፤ ርቀት የምትለካው፣ ቅጠል የምትመስለውም እንደዚያ ነው። 10 ደቂቃ ይበቃታል።

ቦርከና77 (ኮምቦልቻ)

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ከእጁ በፊት ሃይላንዱ ነው ያሳሰበኝ። አፉ የተሸፈነው በምንድን ነው? ውስጡስ ምን አለ?

የልጁ_እናት (ደሴ)

አናቱን ቆርጦ ከአሮጌ አጎበር ቀዶ በላስቲክ አስሮበታል። ውስጡ ሶፍትና ሁለት ቅጠል ያለው ጭራሮ ነው። እንዲያውም ጨርቁ ላይ ተንጠልጥላ ነው የምትውለው።

ቦርከና77 (ኮምቦልቻ)

አሁኑኑ ይነሳ!! ከጤና ጣቢያ የሚታደለው አጎበር ክሩ ውስጥ ፓይረትሮይድ የሚባል ፀረ-ነፍሳት ያለበት ነው። ትንኝ አርፋበት እንድትሞት ነው የተሠራው፤ ማንቲስም ነፍሳት ናት፣ ያውም ቀኑን ሙሉ በእግሯ ተንጠልጥላበት። ታጥቧል፣ አርጅቷል ማለት አያድንም፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

በምትኩ ሻሽ፣ የሴት ራስ ላይ የሚታሰረው ስስ ጥጥ፣ ወይም ስስ የመስኮት መጋረጃ። ሻሹ አዲስ ከሆነ በውኃ ብቻ ታጥቦ ይድረቅ። የሽቦ ወንፊት ጥሩ አይደለም፣ ጥፍሯ ይያዝበትና ይሰበራል።

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

ቦርከና፣ ጥያቄህ ቦታው ላይ ነበር። እታለም፣ የተመረዘች እንደሆነ ምልክቱ እግሯ መንቀጥቀጥ፣ መደናቀፍ፣ በጀርባዋ ወድቃ መቅረት፣ ከአፏ ጠቆር ያለ ፈሳሽ መውጣት ነው። እነዚህ ካሉ መድኃኒት የለውም፤ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አዛውሮ አየር ማሳየት፣ አፏ ላይ ጠብታ ውኃ መስጠት ብቻ ነው። እስካሁን በደህና ተንጠልጥላ ከዋለች የተረፈች ይመስላል፤ ያንን ሃይላንድ ግን አጥባችሁ እንደገና አትጠቀሙበት፣ ሌላ ቁረጡ።

ባቲ_ሰኞ (ባቲ)

አጎበሩ ከተነሳ አይቀር የቀረውንም እንናገር። እኛ ቆላ ያለን ሰዎች ደግሞ የወባ ርጭት አለብን። ግድግዳው ከተረጨ ኬሚካሉ ለወራት ይሠራል። ማንቲስ ግድግዳ ላይ ለቆ ማስኬድ በተረጨ ቤት አይሆንም፤ ከእጅ ወደ ጭራሮ፣ ከጭራሮ ወደ ቤቷ ብቻ።

ፍሊት በተነፋበት ክፍልማ ጭራሽ አይታሰብም። ለበረሮ ተብሎ የሚነፋው ጭሱ ቢጠፋም ወለሉና መጋረጃው ላይ ይቀራል። የትንኝ ጥቅል ጭስም ያው ነው። ፍሊት መንፋት ግድ ከሆነ እሷን ቀድማችሁ ሌላ ክፍል አስወጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ክፍሉም ከተነፈሰ በኋላ ቢሆን በዚያው ቀን አትመልሷት።

ሌላው የጫት ቀንበጥ ነው። ቅጠሉ ለምለም ስለሆነ ለመንጠልጠያ ብለው የሚያስገቡ አሉ። ጫት ላይ ምን እንደተረጨ ገበያ ላይ ማንም አይነግርህም። የወይራ ደረቅ ጭራሮ ይሻላል።

የልጁ_እናት (ደሴ)

አላህ ይስጣችሁ፣ ተነስቷል። ሻሽ አድርገንለታል። መንቀጥቀጥ የላትም። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዝንብ ብንሰጣት አትነካም፤ ሲቀርባት እንዲያውም ትሸሻለች። ጀርባዋ ላይ ያሉት አራት ትንንሽ ቅጠል የመሰሉ ነገሮች አብጠዋል። ታማ ይሆን?

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)

እትዬ፣ ማሻአላህ ነው! አልታመመችም፣ ቆዳ ልትቀይር ነው። የሚያብጡት የክንፍ ማቀፊያዎቿ ናቸው፤ ክንፍ ልታወጣ፣ የመጨረሻ ቆዳዋን ልትጥል ነው ማለት ነው። ልጅዎ ቆዳዋ እስኪጠነክር ድረስ በፍጹም አይንካት። ዝንቡንም ያውጡት። የተራበ ፌንጣ ውስጥ ካለማ ቆዳዋ ገና ሳይጠነክር ሊጎዳት ይችላል።

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

ልክ ነው፣ መያዙ ይቆይ። አሁን ዋናው የዕቃው ስፋት ነው። ጣት የምታህል ማንቲስ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። ቁመቱ የርዝመቷን ሦስት እጥፍ፣ ስፋቱ ሁለት እጥፍ ያስፈልጋታል፤ ማለትም 21 በ14 ቢያንስ። ባለ 2 ሊትሩ ሃይላንድ ቁመት አለው፣ ወርዱ ግን 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ጠባብ ነው። ባለ 5 ሊትሩ የውኃ ፕላስቲክ ይሻላል። አናቱን በምላጭ ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍናችሁ (አለበለዚያ ሻሹንም እጅንም ይቀዳል)፣ ሻሹን ወጥራችሁ እሰሩ። ሻሹ ልል ከሆነ ስትወዛወዝ ይረግባል።

ቆዳ ስትቀይር እንዲህ ነው የሚሆነው። ሻሹ ላይ ቁልቁል ትንጠለጠላለች፣ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ደረቷ ላይ ጀርባዋ በቁመት ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ጀርባዋ ይጎብጥና ራሷ ይወጣል፣ ቀጥሎ የፊት እግሮቿ፣ ቀጥሎ ረጃጅሞቹ እግሮች እንደ ክር እየቀጠኑ ይሳባሉ። ያኔ መላ ሰውነቷ የተንጠለጠለው በሆዷ ጫፍ ብቻ ነው፤ ያውም አሮጌው ቆዳ ላይ። እግሮቿ ጠንከር ሲሉ ተጠምዝዛ አሮጌውን ቆዳ ትይዝና ሆዷን ታወጣለች። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ክንፏ ደግሞ ተጨማድዶ ይወጣና ቁልቁል እየተንጠለጠለ ይዘረጋል። ለዚህ ነው ከሥሯ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል የምለው፤ ጭራሮ ወይም ቅጠል ከሥሯ ካለ ክንፏ ይነካና ተጠምዝዞ ይደርቃል። እንደተጠመዘዘ ይቀራል።

የሚበላሸው በምንድን ነው? ከሁሉ በፊት አየሩ ሲደርቅ። ቆዳው ይጣበቅና እግሯ ውስጡ ይቀራል። ኅዳርና ታኅሣሥ የደሴ አየር ደረቅ ነው፤ ማታ ማታ የዕቃውን ግድግዳ በፀጉር ውኃ መርጫ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ይበቃል። እሷ ላይ አይረጭ። ጠዋት ላይ ግድግዳው ካልደረቀ በዝቷል ማለት ነው፤ ሶፍቱ ይሻግታል። ሁለተኛው ምክንያት ሰው ነው፤ «ደረሰች?» እያለ የሚያነቃንቃት።

ገና ለስላሳ ሆና ከወደቀች ሰዓት አይባከን። አሮጌው ቆዳ ሆዷ ጫፍ ላይ ካለ፣ ቆዳውን በጥንቃቄ ይዛችሁ በፕላስተር ሻሹ ላይ ቁልቁል ለጥፉት። ቆዳው ከተለየ ደግሞ እግሯ የሚይዝላት ሻካራ ነገር አስጠጉላትና ትንጠልጠል። በደቂቃዎች ውስጥ ካልሆነ እንደተጣመመች ትደርቃለች።

ቦርከና77 (ኮምቦልቻ)

ጦሳ ስለ ብርዱ ረስቷል፣ የደሴ ሰው ብርድ ስለማይሰማው ይሆናል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ደሴ ደግሞ ከ2,400 በላይ። በመካከላችን ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ለማንቲስ ግን ሌላ አገር ነው። ለኛ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ደሴ ግን በበጋ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። አብዛኞቹ የአፍሪካ ማንቲሶች ቀን ከ24 እስከ 28፣ ሌሊት ከ18 ያላነሰ ሲሆን ነው በደንብ የሚበሉትና ቆዳ የሚቀይሩት። ሲበርዳት ትፈዛለች፤ ሰው ደግሞ «ለመደችኝ፣ ዝም አለች» ይላል። አልለመደችም፣ ቀዝቅዛ ነው።

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

ይሁን፣ ተቀብያለሁ። ለደሴ ቤት እንግዲህ፦ ዕቃው ወለል ላይ አይቀመጥ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይሁን፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። አሮጌው ባለ ክር 40 ዋት አምፖል ካለ ከዕቃው ውጪ በጎን በኩል 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይብራ፤ ኤልኢዲ አያሞቅም። ከላይ አታድርጉት፣ ሻሹ ላይ የተንጠለጠለችውን ይጠብሳታል። መብራት ሲጠፋ ለብ ያለ ውኃ የሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎን አስጠጉ።

ከሰል ግን በፍጹም። ለማንቲስ ብሎ መኝታ ክፍል ከሰል አስገብቶ መተኛት ቤተሰቡን ነው የሚገድለው።

ባቲ_ሰኞ (ባቲ)

ከሰል ካነሳህ ቡናውም አለ። ወሎ ቤት ከአቦል እስከ በረካ እጣኑ አይቋረጥም። ማንቲስ የምትተነፍሰው በጎኗ ባሉ ቀዳዳዎች ነው፤ ዕቃዋ ከረከቦቱ አጠገብ ከሆነ ጭሱ በቀጥታ ነው የሚገባላት። ቡና ሲፈላ ሌላ ክፍል ትቆይ። በእጅ ማውጣትማ ጀበና በፈላበት፣ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ሰዓት አይሆንም። ወንድ ማንቲስ ክንፍ ካወጣ መብራት አይቶ ይበራል፤ ፍም ላይ ሲያርፍ ማን ይደርስለታል?

መርሳ_ማንጎ (መርሳ)

ምግብ ላይ ማንም አልተናገረም። ቆዳ ከቀየረች በኋላ ክንፍ ያወጣች ከሆነ 3 ቀን አካባቢ አትበላም፣ አታስገድዷት። ከዚያ በ2 ወይም በ3 ቀን አንዴ ይበቃታል። መመሪያው ሆዷ ነው፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ርቧታል፣ ከተነፋ ጠግባለች። የሚሰጣት ነገር ከራሷ ርዝመት ግማሽ አይብለጥ። ፌንጣ ከሆነ የኋላ እግሮቹን አውልቁ፣ እሾህ አላቸው፣ ዓይኗን ይመታሉ። ንብ አትስጡ።

ዝንብ ሲይዙ ፍሪጅ ውስጥ (በረዶ ቤቱ ሳይሆን) 5 ደቂቃ ቢያቆዩት ይፈዛል፣ ሲከፈት አያመልጥም።

ፌንጣ ከማሳ ስታመጡ ተጠንቀቁ። በ2013 ዓ.ም. አንበጣው ወሎን ሲወር በአውሮፕላን ጭምር ኬሚካል ሲረጭ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ የተረጨበት ነፍሳት ወዲያው አይሞትም፣ ለሰዓታት እየተጎተተ ይቆያል። አሁንም ጤፍና ማሽላ ላይ ርጭት አለ። ስትጠጉት የማይዘል፣ በቀላሉ የሚያዝ ፌንጣ ካጋጠማችሁ ተዉት። ጤነኛ ፌንጣ እጅ አይሰጥም።

ለትንንሾቹ ጨቅላዎች ደግሞ የፍራፍሬ ዝንብ ቤት ውስጥ ይራባል። በደንብ የበሰለ ሙዝ ግማሽ ፈጭቶ ብልቃጥ ውስጥ፣ ላዩ ላይ በሁለት ጣት ቆንጠር ያለ የዳቦ እርሾ፣ መሐሉ የታጠፈ ወረቀት። ለአንድ ቀን ክፍት ይተውና ዝንቦቹ ሲገቡ በጨርቅ ይታሰራል። 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በ10 ቀን ገደማ አዳዲሶቹ ይወጣሉ፤ ደሴ ብርድ ላይ እስከ 3 ሳምንት። ማንጎም ይሆናል፣ ግን ውኃ ስለሚበዛው ዝንቦቹ ይሰምጡበታል። ከመርሳ ሰው ይህን መስማት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)

ስለ መያዙ አንድ ነገር ልጨምር። በየቀኑ 5 ደቂቃ ማውጣት ታለምዳታለች፤ በወር አንዴ የምትያዝ ናት የምትደነግጠው።

ቦርከና77 (ኮምቦልቻ)

ትለምዳለች ማለት ትፈልገዋለች ማለት አይደለም። እጅ ላይ የምትቆመው ዛፍ መስሏት ነው። የወጣች ቀን ማታ ላይ ምግብ ከበላች ጥሩ፤ እምቢ ካለች በዝቶባታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለልጅ ደስታም ለሷም ይበቃል። ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነችውን ደግሞ ጨርሶ በእጅ አለመያዝ፤ ብርጭቆ ደፍቶ ከሥር ወረቀት አስገብቶ ማዛወር ነው።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)

በኋለኞቹ ሁለት ነጥቦች እስማማለሁ፣ በመጀመሪያው አይደለም። ይለፍ።

የልጁ_እናት (ደሴ)

ዛሬ ጠዋት ቀይራለች! ክንፏ ሙሉ ነው፣ አልተጣመመም። አሮጌው ቆዳ ሻሹ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ልጁ ዓይኗ ላይ ጥቁር ነጥብ አይቶ ተጨንቋል። መቼ ይያዛት? ሴት ትሁን ወንድ በምን ይታወቃል?

ጦሳ_ግርጌ (ደሴ)

እንኳን ደስ አላችሁ። ነጥቡን ዕቃውን ዞር እያደረጋችሁ እዩት። እናንተን እየተከተለ የሚዞር ከሆነ ጤናማ ነው፣ የዓይኗ አሠራር ነው፤ ከየትም ብታዩት እናንተን የሚያይ ይመስላል። ማታ ዓይኗ በሙሉ ቢጠቁርም ጤና ነው። የማይንቀሳቀስ፣ አንድ ቦታ የቀረ ነጥብ ከሆነ ግን ፕላስቲኩ ላይ ዓይኗን እየፈተገች ነው፤ በውስጥ በኩል ግድግዳው ላይ ስስ ጨርቅ ልበሱላት።

በተራ ቆዳ መቀየር 24 ሰዓት መጠበቅ ይበቃል። ክንፍ ያወጣችው ግን አንድ ሳምንት ትቆይ። ከዚያ በፊት ደረቷ አልጠነከረም፣ ክንፏም አልደረቀም።

ፆታዋን ለማወቅ ሆዷን ከሥር በኩል፣ በፕላስቲኩ ውስጥ እያያችሁ፣ ቀለበቶቹን ቁጠሩ። ሴት 6፣ ወንድ 8። ወንድ ቀጭን ነው፣ አንቴናውም ረዥም። ወንድ ከሆነ መስኮቱ ላይ ጥንቃቄ ጨምሩ፤ ይበራል። ሴት ከሆነች ሆዷ ስለሚከብድ መብረሩ ያቅታታል፣ መውደቁ ግን ይብስባታል።

ባቲ_ሰኞ (ባቲ)

ጉንዳንም አትርሱ። ማታ ቆዳ ስትቀይር ጉንዳን ካገኛት ጠዋት ላይ የሚተርፈው ክንፏ ነው። መደርደሪያው ላይ ዕቃውን ውኃ ባለበት ሳህን መሐል፣ በተገለበጠ ብርጭቆ ላይ አቁሙት። ግድግዳውን እንዳይነካ።

የልጁ_እናት (ደሴ)

6 ነው። ሴት ናት። ብቻዋን ብትሆንም እንቁላል ትጥላለች የሚባለው እውነት ነው?

መርሳ_ማንጎ (መርሳ)

እውነት ነው። ወንድ ሳታገኝም ጭራሮው ወይም ሻሹ ላይ አረፋ የመሰለ ነገር ትለጥፋለች፤ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። ቤታችሁ ውስጥ ሆና ክንፍ ስላወጣች ወንድ አልነካትም፣ ስለዚህ እንደ አብዛኛው ማንቲስ ከሆነች አይፈለፈልም። ከሜዳ ክንፍ ያወጣች ሴት የምታመጡ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ከአንድ የእንቁላል ቋት (ያ አረፋ የመሰለው ነገር) ከመቶ በላይ ጨቅላ ሊወጣ ይችላል፣ እያንዳንዱ ጨቅላም በአጎበር ቀዳዳ ያልፋል። ስለዚህ የእንቁላል ቋቱን ከጭራሮው ጋር ቆርጣችሁ፣ ቁልቁል እንዳለ፣ አፉ በወፍራም ሻሽ ሁለት እጥፍ በታሰረ ብልቃጥ ውስጥ ስቀሉት። ሙቀቱ ደህና ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ። ማሳደግ ካልፈለጋችሁ ጭራሮውን እናቲቱ ከተያዘችበት አጥር መልሳችሁ እሰሩት።